የሥጋ ኢንስፔክተሩን መስመር ላይ ያቆመው ሩዝቬልት ለሠራተኛውስ ምን አደረገ?

ሁለተኛ_ሺፍት፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ታሪክ የምታውቁ ካላችሁ እርዱኝ። ትንሽ ረዘም ይላል።

የምኖረው ኮሎራዶ ነው። የምሠራው ሥጋ ፋብሪካ ነው፣ ሁለተኛ ሺፍት። ከሰዓት ገብቼ እኩለ ሌሊት ሲያልፍ እወጣለሁ። ጠዋት ደግሞ ኮሌጅ ሁለት ኮርስ ጀምሬያለሁ። አንዱ የአሜሪካ ታሪክ ነው፤ እንቅልፍ ያልጣለኝ ቀን ደስ ይላል። አሁን አስተማሪያችን አምስት ገጽ አዘዙን። ጥያቄው «የፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ማሻሻያዎች ማንን ጠቀሙ?» የሚል ነው። ከሕጎቹ አንዱን ምረጡ ሲሉ ቀድሜ እጄን አወጣሁና «የሥጋውን» አልኩ። ልጆቹ ሳቁ። ደን አለ፣ ባቡር አለ፣ ማን ሥጋ ይመርጣል?

እኔ የምቆመው ከብቱ ከተገፈፈ በኋላ ሆድ ዕቃው የሚወጣበት አካባቢ ነው። ከእኔ ሦስት ሜትር ያህል ራቅ ብሎ ነጭ ሄልሜት ያደረገ ሰውዬ አለ። የኩባንያው ሰው አይደለም፣ የመንግሥት ነው። ሳንባው፣ ልቡ፣ ጉበቱ በፊቱ ያልፋል። ጉበቱን በመዳፉ ጫን ጫን ያደርገዋል። ዕጢውን በቢላ ሰንጠቅ አድርጎ ያየዋል። ካላማረው ታግ ያንጠለጥልበታል፤ ያ ከብት ከመስመር ወጥቶ ለብቻው ይቆያል። አይበላም ከተባለ ቀለም ይፈስበታል፣ ማንም መልሶ እንዳያነሳው። ሱፐርቫይዘራችን የማይጮኽበት ሰው የለም። እሱ ላይ ግን ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ሰውዬው «ቁም» ካለ መስመሩ ይቆማል።

አንድ ቀን ዕረፍት ላይ «አንተን ማን ነው እዚህ ያቆመህ?» አልኩት። አለቃህ ማን ነው ማለቴ ነበር። ሳቀና «ቴዲ ሩዝቬልት፣ በ1906» አለኝ። የቀለደ መስሎኝ ነበር። ቤት ገብቼ ስፈልግ እውነቱን ነው።

እናቴ በስልክ ሁልጊዜ የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «አንቺ የምትቆርጪውን ሥጋ ማን ባርኮት ነው የሚታረደው?» ስለ ኢንስፔክተሩ ስነግራት «ጸሎት ያደርጋል?» አለችኝ። አያደርግም እማዬ፣ ጉበት ነው የሚያየው።

አሁን ወደ ጥያቄዬ። ሕጉ የወጣው አፕተን ሲንክሌር በጻፈው «ዘ ጃንግል» በሚባል ልብ ወለድ ምክንያት ነው ይላሉ። ግማሽ ያህሉን እየተንገዳገድኩ አንብቤዋለሁ። ዋናው ሰውዬ ከሊቱዌኒያ የመጣ ስደተኛ ነው፤ ቺካጎ ሥጋ ፋብሪካ ይሠራል። አገሩ ሌላ ነው እንጂ ሌላው ሌላው እኛን ነው። ቋንቋው፣ ዕዳው፣ ሰው አምኖ መታለሉ። መጽሐፉ የሰው ታሪክ ነው። የወጣው ሕግ ግን የከብት ሕግ ነው።

የእኔ ቀኝ እጅ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ሌሊት ሌሊት ይደነዝዛል። ጣቶቼን የማላገኝበት ጊዜ አለ። ቢላ ይዞ አንድ ዓይነት እንቅስቃሴ፣ ቀኑን ሙሉ። የፋብሪካው ነርስ በረዶና ክኒን ሰጥታ ወደ መስመር መለሰችኝ። እዚያው ቆሜ ሳስበው ገረመኝ። የእያንዳንዱን ከብት ጉበት የሚያይ የመንግሥት ሰው አለ። የእኔን እጅ የሚያይ የለም።

ሩዝቬልት ይሄን አላሰበበትም ወይስ አስቦ ነው የተወው? «ሠራተኛውን ጠቅሟል» ብዬ ብጽፍ ውሸት ይሆንብኛል። «አልጠቀመም» ብልም እንዳልሳሳት ፈራሁ።

ጡረተኛው_መምህር፦

ልጄ፣ በርቺ። ጥያቄሽ ከአምስት ገጹ ይበልጣል። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፍልሽ።

መጀመሪያ፣ እንደ ሩዝቬልት ያሉትን የማሻሻያ ሰዎች «ፕሮግረሲቭ» ይሏቸዋል፤ ይሄን ቃል ለእኔ ዘመን ሰው «ተራማጅ» ብለሽ እንዳትተረጉሚ። እኛ ተራማጅ ሲባል የሚታየን ማርክስን ታጥቆ ጫማው ያለቀ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ሩዝቬልት የኒው ዮርክ ሀብታም ልጅ ነበር። ፕሬዚዳንት ማኪንሊ በሴፕቴምበር 1901 ቡፋሎ ላይ በጥይት ተመትቶ ሲሞት፣ ምክትሉ ስለነበር በ42 ዓመቱ ወንበሩን ያዘ። ትልልቆቹን ኩባንያዎች ልጓም ላግባላቸው ባይ ነው እንጂ ከእነጭራሹ ይጥፉ የሚል ሰው አልነበረም። ሶሻሊስት አይወድም። ሲንክሌር ደግሞ ለይቶለት ሶሻሊስት ነው። ስለዚህ ሁለቱ ተገጣጠሙ እንጂ አልተዋደዱም።

የሥጋው ነገር በመጽሐፉ አልጀመረም። ሩዝቬልት ራሱ በ1898 ኩባ ዘምቷል። ለወታደሩ የታደለው የቆርቆሮ ሥጋ አፍ የሚገባ አልነበረም። ከጦርነቱ በኋላ ለመርማሪዎች ቀርቦ፣ ያንን ከመብላት አሮጌ ባርኔጣዬን ብበላ አይለይም ብሎ መስክሯል። ቂሙ የቆየ ነው ማለት ነው።

ሲንክሌር ቺካጎ የገባው በ1904 ነው። የዚያን ዓመት ክረምት የቄራ ሠራተኞቹ ሥራ አቁመው ተሸንፈው ነበር። ሰባት ሳምንት ያህል አብሯቸው ዋለና ያየውን ጻፈ። መጽሐፉ በ1906 መጀመሪያ ወጣ። አንባቢው ስለ ሠራተኛው ያልቅሳል ብሎ ነበር። አንባቢው «ቁርስ ላይ የበላሁት ቋሊማ ውስጥ ምን ነበር?» አለ። ደራሲው ራሱ በኋላ የሕዝቡን ልብ አነጣጥሬ ሳላስበው ሆዱን መታሁት ብሏል። ይቺን አባባል ጽሑፍሽ ውስጥ አስገቢያት።

ሩዝቬልት መጽሐፉን ብቻ አላመነም። ሁለት ሰው ላከ። አንዱ የሠራተኛ ጉዳይ ኮሚሽነሩ ቻርልስ ኒል ነው፣ ሌላው ጄምስ ሬይኖልድስ። ሰዎቹ በዓይናቸው ያዩትን አንድ ነገር ልንገርሽ። ታርዶ፣ ታጥቦ፣ ወደ ማቀዝቀዣ ክፍል የሚሄድ አሳማ ከተንጠለጠለበት ይወድቃል። የእንጨቱ ወለል ቆሻሻ ነው። ተንሸራቶ ግማሽ አካሉ የወንዶች ሽንት ቤት ውስጥ ይገባል። ሁለት ሠራተኞች አንስተው ጋሪ ላይ ጫኑት። ወስደው ከሌሎቹ ጋር ሰቀሉት። ውኃ እንኳ አላስነኩትም። ይሄ ልብ ወለድ አይደለም፣ ለምክር ቤት የቀረበ ሪፖርት ነው።

ሩዝቬልት ፖለቲከኛነቱ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ሪፖርቱን ወዲያው አላወጣውም፣ እጁ ላይ ይዞ ተደራደረበት። የኢንዲያናው ሴናተር ቤቨሪጅ ያረቀቀው ሐሳብ ሴኔቱን ያለ ክርክር አለፈ። ታችኛው ምክር ቤት ላይ የግብርና ኮሚቴው ሊቀ መንበር ዋድስወርዝ ሲያለዝበው፣ ሩዝቬልት ሪፖርቱን ጁን 4 አወጣባቸው። ጋዜጣው አራገበው። የአሜሪካ ሥጋ እዚያውም አውሮፓም ገበያ አጣ። ያን ጊዜ ነጋዴዎቹ ራሳቸው የመንግሥት ማህተም ናፈቁ። ጁን 30 ተፈረመ። የምግብና የመድኃኒት ሕጉም የተፈረመው በዚያው ቀን ነው። የሱ ታሪክ ሌላ ነው፤ ዋይሊ የሚባል የመንግሥት ኬሚስት ወጣቶች ሰብስቦ ምግባቸው ውስጥ ቦራክስ እየጨመረ ምን እንደሚሆኑ ያይ ነበር። እሱን ለሌላ ቀን።

በድርድሩ ምን እንደቀረ ግን ልብ በይ። ቤቨሪጅ የኢንስፔክተሩን ወጪ ኩባንያዎቹ ይክፈሉ ብሎ ነበር። ቆርቆሮው ላይ ቀን ይጻፍ ብሎም ነበር። ሁለቱም ወደቁ። ወጪውን መንግሥት ቻለው፣ በዓመት 3 ሚሊዮን ዶላር። ሩዝቬልትም ተቀበለ። አጠገብሽ የቆመው ሰውዬ ደመወዙ ከግብር የመሆኑ ሥሩ ይሄ ነው። አንቺም ትከፍይዋለሽ።

ሠራተኛውስ? ሪፖርቱ ሠራተኛውን ጨርሶ አልረሳም። ክፍሎቹ ጨለማ መሆናቸውን፣ መታጠቢያ መጥፋቱን፣ የሚያስለው ሰው እዚያው መሬት ላይ መትፋቱን ይናገራል። ግን ወደ ሕግ ሲቀየር ሁሉም በሥጋው በኩል ነው የገባው። ሠራተኛው መታጠቢያ የሚያስፈልገው እጁ ሥጋ ስለሚነካ ነው። አየሽ? እጅሽን አይተውታል። ያዩት ንጹሕ መሆኑን ነው፤ መደንዘዙን አይደለም።

ዳላስ_ነኝ፦

ይቅርታ ላቋርጥና፣ ሩዝቬልት ማለት ያ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄደው፣ ጃንሆይ ግብፅ ላይ መርከብ ውስጥ ያገኙት አይደል እንዴ? እሱ ለሠራተኛ ብዙ አድርጓል ሲባል ነው የምሰማው።

አስራ_ስምንት_ጎማ፦

ዳላስ፣ እሱ ፍራንክሊን ነው፣ 1945። ይሄኛው ቴዎዶር ነው፣ የሩቅ ዘመዱ፣ የምኒልክ ዘመን ሰው። እንዲያውም ስኪነር የሚባል ቆንስል አዲስ አበባ ድረስ ልኮ በዲሴምበር 1903 ከአፄ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል ያስፈረመ እሱ ነው። ግን በተሽከርካሪ ወንበሩ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳትክም። ስማኝ።

እኔ ከባድ መኪና ነው የምነዳው። በሃይዌይ 81 ፔንሲልቬንያን ሳቋርጥ ሄዝልተን፣ ዊልክስባሪ፣ ስክራንተን እያልኩ ነው የማልፈው። አንዴ መኪናው ተበላሽቶብኝ ስክራንተን ሁለት ቀን ቆየሁ። ምንም የሚሠራ ስላልነበረኝ የከሰል ሙዚየም ገባሁ። ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ጉዳይ የማላነበው የለም። ሚስቴ «ከሰሉ» ነው የምትለኝ።

በሜይ 1902 ወደ 140 ሺህ የሚጠጋ የጠንካራ ከሰል ቆፋሪ ሥራ አቆመ። ኒው ዮርክና ቦስተን ቤት የሚሞቀው በዚያ ከሰል ነው። ጥያቄያቸው 20 በመቶ ጭማሪ፣ በቀን 8 ሰዓት ሥራና ማኅበራቸው እንዲታወቅ ነበር። የማዕድኑ ባለቤቶች ቃል አቀባይ የባቡር ኩባንያ አለቃ የሆነው ጆርጅ ቤር ነው። ይሄ ሰውዬ በደብዳቤ ምን ብሎ ጻፈ መሰላችሁ? የሠራተኛውን ጥቅም የሚጠብቁለት የማኅበር ቀስቃሾች ሳይሆኑ፣ እግዚአብሔር በጥበቡ የአገሩን ሀብት ያስረከባቸው ክርስቲያን ሰዎች ናቸው። ደብዳቤው ጋዜጣ ላይ ወጣ። አገር ሳቀበት፣ አገር ተናደደበት።

አሁን ወንበሩ መጣ። በሴፕቴምበር ሩዝቬልት የተሳፈረበት ሠረገላ ማሳቹሴትስ ውስጥ ከኤሌክትሪክ ባቡር ጋር ተጋጨ። ጠባቂው ሞተ፣ የሱ እግር ተጎዳ። ኦክቶበር 3 ባለቤቶቹንና የማዕድን ሠራተኞቹን መሪ ጆን ሚቼልን አንድ ክፍል ውስጥ ሲሰበስብ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ነበር። ዋይት ሐውስ እድሳት ላይ ስለነበር የተሰበሰቡት ፊት ለፊት ባለ ኪራይ ቤት ነው። ባለቤቶቹ ሚቼልን ለማናገር እንኳ ተጸየፉ። ሩዝቬልት ሥልጣኑ ባይዘኝ ቤርን ማጅራቱን ይዤ በመስኮት እወረውረው ነበር ብሏል ይባላል።

ልብ በሉ፣ ከሱ በፊት የነበሩት ፕሬዚዳንቶች ወታደር ሲልኩ ሠራተኛውን ለመበተን ነበር። በ1894 በባቡር ሠራተኞቹ አድማ ፕሬዚዳንት ክሊቭላንድ ያደረገው ያንን ነው። ሩዝቬልት ግን ወታደር ልኬ ማዕድኑን ራሴ አስቆፍረዋለሁ የሚል ዝግጅት ጀመረ። ያን ጊዜ የጦር ሚኒስትሩ ሩት ባለ ባንኩን ሞርጋንን ጀልባው ላይ ሄዶ አነጋገረው። ባለቤቶቹ የሽምግልና ኮሚሽን እሺ አሉ። ግን የማኅበር ሰው እንዳይገባ! መሐንዲስ ይሁን፣ ዳኛ ይሁን፣ አንድ የኅብረተሰብ ሳይንስ ሊቅም ይጨመር አሉ። ሩዝቬልት ምን አደረገ? የባቡር ኮንዳክተሮችን ማኅበር መሪ ክላርክን «የኅብረተሰብ ሳይንስ ሊቅ» ብሎ ሾመው። ቃሉ ብቻ ነበር የሚያጨቃጭቃቸው። በሰላም ተቀበሉት። ይቺን ሳነብ መኪና ውስጥ ብቻዬን ሳቅሁ።

ማርች 1903 ውሳኔው ወጣ። 10 በመቶ ጭማሪ። የሥራ ሰዓት ለብዙዎቹ ከ10 ወደ 9። ማኅበሩ ግን ዕውቅና አላገኘም። ግማሽ በግማሽ ነው ነገሩ። እህቴ፣ «ለሠራተኛው አላሰበም» ብለሽ እንዳትጽፊ ለዚህ ነው። ሲያስብ ግን ሠራተኛው መጀመሪያ ራሱ ቆሞለታል። አምስት ወር ደመወዝ አጥተው ነው። የቺካጎዎቹ በ1904 ቆመው ወደቁ። የእነሱን ነገር መጽሐፍ ነው ያነሳው፤ መጽሐፍን ደግሞ የሚያነበው በላተኛው ነው።

ጆርጂያ_አቬኑ፦

ጥሩ ነው፣ ግን ሰውዬውን ታቦት አታድርጉት። ያው የሥጋው ሕግ በወጣበት 1906፣ በኦገስት፣ ብራውንስቪል ቴክሳስ ሌሊት ተኩስ ተተኮሰ፣ ሰው ሞተ። ከተማው ጥቁር ወታደሮቹን ወነጀለ። ነጮቹ አዛዦቻቸው ሳይቀሩ ልጆቹ ካምፕ ውስጥ ነበሩ ብለው ነበር። ሩዝቬልት 167 ጥቁር ወታደሮችን ያለ ፍርድ ቤት ከሠራዊቱ አባረረ። ጡረታም የለ። ትእዛዙ ደግሞ ለሕዝብ የወጣው የኖቬምበሩ የምክር ቤት ምርጫ ካለፈ በኋላ ነው፤ ጥቁር መራጭ እንዳይቀየም። ሠራዊቱ ስማቸውን ያደሰው በ1972 ነው። ያን ጊዜ አብዛኞቹ አፈር ሆነዋል። «ማንን ጠቀሙ» የሚል ጥያቄ ላይ ይሄ የማይገባ ከሆነ ምን ይገባል?

ጡረተኛው_መምህር፦

ልክ ነህ ጆርጂያ። ልጄ፣ አንድ አንቀጽ ስጪው። ጽሑፍሽ የሥጋ ቢሆንም።

አንድ የረሳሁት ነገር። በ1906 የባቡር ሠራተኛ ሥራ ላይ ሲጎዳ አሠሪው እንዲጠየቅ የሚያደርግ ሕግ ወጥቶ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1908 ጣለው። በዚያው ዓመት ተስተካክሎ እንደገና ወጣ። ግን ከግዛት ግዛት ለሚሠሩ ባቡሮች ብቻ ነው፤ የፌዴራል መንግሥቱ እጅ የሚደርሰው እስከዚያ ነው ይባል ነበር። የቄራ ሰው ከዚያ ውጭ ነው።

ሁለተኛ_ሺፍት፦

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እርስዎ እንዳሉት መታጠቢያውን ይዤ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገሬ ስለ እኛ መታጠቢያ ነው። በጉልበት የሚገፋ ነው፣ በእጅ አይነካም። አንድም ቀን ውኃ ጠፍቶ አያውቅም። በፊት ለእኛ የተደረገ ይመስለኝ ነበር።

ከሰሉ፣ ያንተን የሊቅ ነገር ለክፍሉ ተናገርኩ። አስተማሪዬ ራሳቸው ሳቁ። ጆርጂያ፣ ያንተንም አስገብቻለሁ። ልጆቹ እዚህ ጋ አልሳቁም።

ትናንት ማታ ኢንስፔክተሩን ደግሜ ጠየቅሁት። «የእኔን እጅ የሚያይ የመንግሥት ሰው የለም?» አልኩት። አለ አለኝ፤ ሌላ መሥሪያ ቤት ነው፣ በ1970 በወጣ ሕግ የቆመ። ግን እንደ እሱ መስመር ላይ አይቆሙም። ሲጠሩ ወይም ሲደርሳቸው ነው የሚመጡት። ከዚያ እጄን አሳየኝ አለ። ጓንቱን አወለቅሁ። ጣቶቼን አንድ በአንድ አጠፍ ዘርጋ አደረገ፤ ልክ እንደ ጉበቱ። «እኔ ታግ ላንጠለጥልብሽ አልችልም» አለኝ። «ሐኪም ቤት ሂጂ፣ የራስሽ ሐኪም ጋ። የተናገርሽበትን ቀን ሁሉ ጻፊ።» የዕረፍት ሰዓታችን አለቀ። ተመልሰን ቆምን።

ሰኞ ቀጠሮ ይዣለሁ። ጽሑፉ የሚገባው ዓርብ ነው፣ ሦስተኛ ገጽ ላይ ነኝ።

ጋሼ፣ አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። ያ ሽንት ቤት የገባው አሳማ ሪፖርቱ ውስጥ በየትኛው ክፍል ነው ያለው? አስተማሪዬ ካላዩ አያምኑም። እኔም ለሱፐርቫይዘራችን አትሜ ማሳየት እፈልጋለሁ።